«ቦታዬን አልለቅም» የሚለው ብርሃኑ ነው ወይስ ቁሱ? «ብርሃን ጠጣር ሆነ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ በምናስተምር መምህራን መካከል «ብርሃን ጠጣር ሆነ» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደርሷል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ የጣሊያን ሳይንቲስቶች በ2025 ብርሃንን ከአልማዝ ወደሚጠነክር ጠጣር ቀይረውታል፤ በ2013 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በፊልም የምናውቀው የብርሃን ሰይፍ ሊሠራ እንደሚችል አረጋግጠዋል፤ ብርሃን ግፊት ስላለው ብርታቱ ከጨመረ ሰው ሊቆምበት ይችላል፤ ብርሃንን አቁሞ መያዝም ተችሏል፤ ይህን ሁሉ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲዎች ቀድመው ተናግረውታል፤ አባቶቻችንም ቤተ ክርስቲያናቸውን «ደብረ ብርሃን» ብለው ሲሰይሙ ምስጢሩን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ቀን የፈረሱት የፋሲል ግቢ ጣሪያዎች በጠጣር ብርሃን ይከደናሉ። ዓመታቱን ጸሐፊው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስላስቀመጧቸው እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት ወጣቶች ሳይንስን እንዲወዱ ብለው መሆኑን አልጠራጠርም፤ ምኞታቸውንም እጋራለሁ። ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ጽሑፉን ይዛ መጥታ፣ «መምህር፣ ብርሃን መጠነ ቁስ የለውም ብለው ያስተማሩን ተሽሯል ማለት ነው?» ብላ መጠየቋ ነው። አልተሻረም። ለምን እንዳልተሻረ ማስረዳት ግን በእረፍት ሰዓት የሚያልቅ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ስለዚህ የጽሑፉን ነጥቦች በተነሡበት ቅደም ተከተል እያነሣሁ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ከሁሉ በፊት፣ ጽሑፉ ከመጀመሪያው አረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው የሚገለገልበትን «ጠጣር» የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አይበይንም። በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ጠጣር ማለት የራሱ ቅርጽና የራሱ መጠን ያለው ነገር ነው፤ ለዚህ ክርክር ግን ይህ ብያኔ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የሚናገሩት ሰው ስለሚቆምበት፣ ስለሚደገፈውና በእጁ ስለሚጨብጠው ነገር ነው። እጃችንን በፋሲል ግንብ ድንጋይ ላይ ስናሳርፍ እጃችን ወደ ድንጋዩ ውስጥ የማይዘልቀው ለምንድን ነው? መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ በድንጋዩም በእጃችንም ያሉት ኤሌክትሮኖች አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ መገፋፋታቸው ነው። ሁለተኛውና የጠለቀው ደግሞ በ1925 ቮልፍጋንግ ፓውሊ የደረሰበት የማግለል መርሕ ነው፤ በዚህ መርሕ መሠረት ሁለት ኤሌክትሮኖች ፈጽሞ አንድ ዓይነት ሁኔታ ይዘው አንድ ላይ ሊሰፍሩ አይችሉም። በ1967 ፍሪማን ዳይሰንና አንድሩ ሌናርድ፣ ቁስ አካል በራሱ ላይ ተደርምሶ እንዳይወድቅ የሚያደርገው ይኸው መርሕ መሆኑን በሒሳብ አረጋገጡ። ጠጣርነት እንግዲህ ከሥሩ ሲታይ እንቢታ ነው፤ «ቦታዬን አልለቅም» ማለት ነው።

ብርሃን ከዚህ በተቃራኒ ወገን ነው። ሕንዳዊው ሳትየንድራ ናት ቦዝ በ1924 ለአይንስታይን በላከው ጽሑፍ የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ፎቶኖች፣ የሚቆጠሩበትን መንገድ አሳየ፤ ዛሬ በእርሱ ስም ቦዞን የሚባሉት ቅንጣቶች አንዱ በሌላው ላይ ለመስፈር ምንም የማይከለክላቸው ናቸው። እንዲያውም ሌዘር የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ፎቶኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ ይዘው በአንድነት ካልተጓዙ ሌዘር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ጸሐፊው የብርሃንን ጥንካሬ ለማሳየት መጀመሪያ የጠሩት ምስክር ሌዘር ነው፤ ሌዘር ግን ብርሃን እንቢ እንደማይል የሚመሰክር ነው።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ የሚቆመውን ሕዝብ እናስብ። በስተምሥራቅ የቆመው በስተምዕራብ ያለውን ያያል፤ በሰሜን ያለው በደቡብ ያለውን ያያል፤ ከውኃው በላይ ባለው አየር ውስጥ በእያንዳንዷ ነጥብ ከሺህ አቅጣጫ የሚመጡ ጨረሮች በአንድ ጊዜ ይተላለፋሉ። አንዱ ጨረር ሌላውን የሚያደናቅፈው ቢሆን ኖሮ ማንም የማንንም ፊት ለይቶ ባላየ ነበር። የማየት ችሎታችን በሙሉ የቆመው ብርሃን ለብርሃን መንገድ ስለሚለቅ ነው፤ በማክስዌል የ1865 ቀመሮችም ሁለት ሞገዶች በባዶ ቦታ ሲገናኙ ይደመራሉ እንጂ አይጋጩም፤ ካለፉ በኋላም እያንዳንዱ እንደነበረ ይቀጥላል።

የጽሑፉ ዋና ምሰሶ የ2025ቱ የጣሊያን ሙከራ ስለሆነ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሙከራው እውነተኛ ነው፤ በደቡብ ጣሊያን በሌቼ ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ሲሆን ውጤቱም በዚያው ዓመት በማርች ወር «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ስሕተቱ የጀመረው ከትርጉም ነው። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ቃል «ሱፐርሶሊድ» የሚል ነው፤ ጸሐፊው «ሱፐር» የሚለውን «እጅግ» ብለው ስለ ተረጎሙት «እጅግ ጠጣር» ወጣ፤ ከዚያም «እጅግ ጠጣር» የሆነ ነገር ከአልማዝ መብለጥ አለበት ተብሎ ታሰበ። በፊዚክስ ቋንቋ ግን «ሱፐር» እዚህ ላይ የሚያመለክተው ያለ ምንም ሰበቃ መፍሰስን ነው። በ1938 እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየም ያለ አንዳች ሰበቃ እንደሚፈስ፣ የዕቃውን ግድግዳ ተከትሎ ወጥቶ እስከ መንጠባጠብ እንደሚደርስ ሲታወቅ «ሱፐርፍሉይድ» ተባለ፤ እኛ ልዕለ ፈሳሽ ልንለው እንችላለን። ልዕለ ጠጣር ደግሞ ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ጠባዮችን በአንድ ጊዜ የያዘ ነገር ነው፤ እንደ ክሪስታል የተስተካከለ ተደጋጋሚ አሰላለፍ አለው፤ እንደ ልዕለ ፈሳሽ ደግሞ ያለ ሰበቃ ይፈስሳል። በሌላ አነጋገር ልዕለ ጠጣር ከተራው ጠጣር የሚለየው በጥንካሬው ሳይሆን በመፍሰሱ ነው፤ ጸሐፊው ቃሉን የተረዱት በተቃራኒው ነው።

ይህ ለአእምሮ ስለሚከብድ ምሳሌ ልስጥ። በበዓል ቀን ካህናትና ደብተራዎች መቋሚያቸውን ይዘው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው ሲወርቡ ተመልክተናል። ረድፎቹ ርቀታቸውን ጠብቀው ቆመው ሳለ፣ ማንም ማንንም ሳይገፋ፣ ማንኛውም መዘምር ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው እንደ ጥላ የሚያልፍ ቢሆንና የቱ ሰው የየትኛው ረድፍ እንደሆነ መናገር ባይቻል፣ ረድፉ ግን ሳይዛነፍ ቢቀጥል፣ ያ ለልዕለ ጠጣር የቀረበ ሥዕል ይሆናል። ይህ ሐሳብ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ከታሰበ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል፤ እጅግ በቀዘቀዙ አተሞች ላይ በሙከራ የታየው በ2017 ነው። የሌቼው ሙከራ አዲስነቱ ይህን ሁኔታ ብርሃን በተቀላቀለበት ነገር ላይ ማሳየቱ ነው።

«ብርሃን በተቀላቀለበት» ያልኩትን ቃል አንባቢ አጥብቆ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። ተመራማሪዎቹ ሌዘር ያበሩት ባዶ ቦታ ላይ ሳይሆን ጥቃቅን ትይዩ መስመሮች በተቀረጹበት፣ ጋሊየም አርሴናይድ ከተባለ ከፊል አስተላላፊ በተሠራ ቁራጭ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ፎቶኑ ብቻውን አይኖርም፤ አንድ ኤሌክትሮን ተነሥቶ ትቶት ከሄደው ክፍት ቦታ ጋር ከሚመሠርተው ጥንድ ጋር ይጣመራል፤ ከዚህ ጥምረት የሚወለደው ቅንጣት ፖላሪቶን ይባላል፤ ከፊሉ ብርሃን፣ ከፊሉ ቁስ ነው። ፖላሪቶኖች እርስ በርስ የሚገፋፉት በቁስ ወገናቸው በኩል ነው፤ ተደጋጋሚ አሰላለፍ የሠሩትም ስለሚገፋፉ ነው። የብርሃኑ ወገን ቅልጥፍናን ሰጠ፤ እንቢታን የሰጠው ቁሱ ነው። የአንድ ፖላሪቶን ዕድሜም ከሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ያነሰ በመሆኑ ሁኔታው የሚቀጥለው ሌዘሩ ያለማቋረጥ እየመገበው ነው። ጽሑፉ ስለ ጋሊየም አርሴናይድም ስለ ፖላሪቶንም አንድ ቃል አይናገርም፤ እነዚህ ሲዘለሉ ግን የቀረው ወሬ እንጂ ሙከራው አይደለም።

ወደ 2013ቱ ነጥብ እንለፍ። የሃርቫርዱ ሚካይል ሉኪንና የኤም አይ ቲው ቭላዳን ቩሌቲች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሁለት ፎቶኖች ተያይዘው እንዲጓዙ አድርገዋል፤ በ2018 ደግሞ ሦስት ፎቶኖች ሲያያዙ አሳይተዋል። ጸሐፊው የብርሃን ሰይፍን ንጽጽር ከራሳቸው አላመጡትም፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ውጤታቸውን ለሕዝብ ሲያስረዱ በፊልም ካለው ሰይፍ ጋር አመሳስለውታልና በዚህ ጸሐፊውን አልወቅስም። መታየት ያለበት ግን ፎቶኖቹ የተያያዙት የት ነው የሚለው ነው። የተያያዙት ወደ ፍጹም ዜሮ እጅግ በተጠጋ ቅዝቃዜ በተያዘ የሩቢዲየም አተሞች ደመና ውስጥ ነው። አንድ ፎቶን ወደ ደመናው ሲገባ ጉልበቱን ለአተሞቹ ያጋራል፤ ከአተሞቹ አንዱ በዚህ ጉልበት እጅግ ሲያብጥ በአካባቢው ያሉት ሌሎች አተሞች በተመሳሳይ ደረጃ እንዳይነሡ ይከለክላቸዋል፤ ስለዚህ ተከትሎ የመጣው ፎቶን እንደ ፊተኛው ሊሆን አይችልም፤ በዚህ መገታት የተነሣ ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ። በደመናው ውስጥ ፍጥነታቸው ከተለመደው 100,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ሲሆን ከኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ጥቂት ክፍልፋይ የሚያህል መጠነ ቁስ እንዳላቸው ሆነው ይታያሉ። ከደመናው ሲወጡ ግን ሁለቱም መጠነ ቁስ የሌላቸው፣ በሴኮንድ 299,792,458 ሜትር የሚጓዙ ተራ ፎቶኖች ናቸው። እዚህም «ቦታዬን አልለቅም» ያለው አተሙ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሡትን፣ በእኔ ላይ ግን ሊነሣ የሚችለውን ጠንካራውን ተቃውሞ ራሴ ላንሣው፤ መሸሸግ ተገቢ አይደለምና። ቁስ በሌለበት ባዶ ቦታ ብርሃን ከብርሃን ጋር ፈጽሞ አይጋጭም ወይ? ይጋጫል። ሃንስ ኦይለርና ቨርነር ሃይዘንበርግ በ1936 ይህን በኳንተም ሕግ አስልተው አሳይተዋል፤ በ2017 ደግሞ ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል የሚገኘው የአትላስ የተመራማሪዎች ቡድን የእርሳስ አስኳሎችን ወደ ብርሃን ፍጥነት አጠጋግቶ እርስ በርስ ሲያሳልፍ በዙሪያቸው ያለው ብርቱ የብርሃን ጨረር እርስ በርስ ሲጋጭ የሚያሳይ ማስረጃ አቅርቧል። ከቢሊዮኖች ክስተቶች መካከል ለዚህ ማስረጃነት የተመረጡት 13 ብቻ ነበሩ። ግጭቱ በመሠረቱ አለ፤ ነገር ግን ዓለማችን ካላት ከሁሉ የሚበረታ ማሽን ተነሥቶ እንኳ እንደ ጤፍ ፍሬ እየተለቀመ የሚገኝ ነው። ከዚህ ሰይፍ መሥራት ይቅርና ሁለት መብራቶች ሲተላለፉ አንዱ የሌላውን መንገድ በፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ አያስለውጥም።

ስለ ብርሃን ግፊት ጸሐፊው ያሉት በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ጉድለቱ ቁጥር አለመጻፋቸው ነው። ኬፕለር በ17ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ የጅራታም ኮከብ ጭራ ሁልጊዜ ከፀሐይ ዞሮ መታየቱን በፀሐይ ብርሃን ግፊት አስረድቶታል፤ ሩስያዊው ፒዮትር ሌበዴቭ በ20ኛው ምዕት ዓመት መባቻ ግፊቱን በቤተ ሙከራ ለካው፤ በ2010 የጃፓን የጠፈር ድርጅት ያመጠቀችው ኢካሮስ የተባለች መንኮራኩር 14 ሜትር በ14 ሜትር በሆነ ሸራዋ ላይ ባረፈ የፀሐይ ብርሃን ተገፍታለች። አሁን ከተማሪዎቼ ጋር ያሰላነውን ላቅርብ። በጠራ ቀን ቀትር ላይ አንድ ካሬ ሜትር ጥቁር ጨርቅ ብንዘረጋ የፀሐይ ብርሃን በጨርቁ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በግምት የአንድ ፍሬ ጤፍ ክብደት ያህል ነው። ብርሃን ምንኛ ረቂቅ እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላውቅም።

ታዲያ ብርታቱን ብንጨምረውስ? ጸሐፊው የሚሉት ይህንኑ ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ፣ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ መልሶ የሚያንጸባርቅ ጫማ አድርጎ፣ ከታች በሚመጣ ብርሃን ብቻ አየር ላይ እንዲቆም ከተፈለገ 88,000 ሜጋ ዋት የሚያህል ብርሃን ያለማቋረጥ ያስፈልጋል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሙሉ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ስለዚህ አንድ ተማሪ ለማቆም 17 የሕዳሴ ግድቦች አንድም ዋት ሳያባክኑ ብርሃን ብቻ ሲያመነጩ መዋል አለባቸው። ፍጹም የሆነ መስታወት ደግሞ የለም፤ ጫማው ከመጣበት ብርሃን ከሺህ አንዱን እጅ ብቻ ቢያስቀር 88 ሜጋ ዋት ሙቀት በተማሪው እግር ሥር ይቀራል። ብርሃን ሰውን ከመሸከሙ አስቀድሞ ያቃጥለዋል። ግፊቱ ጠቃሚ የሚሆነው ሸክሙ ረቂቅ ሲሆን ነው፤ አርተር አሽኪን በሌዘር ጥቃቅን እንክብሎችንና ሕያዋን ሕዋሳትን ይዞ የማንቀሳቀስ ዘዴ በመፍጠሩ በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በዚህም ቢሆን ብርሃኑ እንደ ጣት አይጨብጥም፤ ትንሿን እንክብል ወደ ጨረሩ መካከል የሚስባት ብርሃኑ በውስጧ ሲያልፍ መንገዱን ስለሚያጥፍ ነው።

ብርሃን ቆሟል፣ የቆመ ነገር ደግሞ ጠጣር ነው የሚለውን ነጥብ ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ። ዴንማርካዊቷ ሌነ ሃው በ1999 ብርሃንን በቀዘቀዘ የሶዲየም ደመና ውስጥ በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር አዝግማዋለች፤ በ2001 ደግሞ ጭራሹን እንዲቆም አድርጋለች። በቆመበት ጊዜ ግን በደመናው ውስጥ ብርሃን የለም፤ ያለው አተሞቹ ላይ የተጻፈ የብርሃኑ አሻራ ነው፤ ሌላ ጨረር ሲላክ አሻራው ተነቦ ብርሃኑ እንደገና ይወጣል። ድጓ ላይ ዜማው በምልክት ተጽፎ ይቀመጣል፤ መጽሐፉ ተዘግቶ ሳለ ውስጡ ድምፅ የለም፤ መሪጌታው ሲያነበው ዜማው ይሰማል። የተዘጋ ድጓ የጠጠረ ድምፅ እንዳልሆነ ሁሉ የቆመ ብርሃንም የጠጠረ ብርሃን አይደለም።

ልብ ወለድን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር የምለያየው እርሳቸው ልብ ወለድን ከሚገባው በታች ያከበሩት ስለሚመስለኝ ነው። የሳይንስ ልብ ወለድን ዋጋ የሚለኩት ነገሩ ቆይቶ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም በሚል ብቻ ነው። እኔ ግን ጥሩ ደራሲ የሚታወቀው አንድ ሕግ ሲለውጥ ከዚያ የሚከተለውን እስከ መጨረሻ በማሰቡ ነው እላለሁ። በ1987 መታየት በጀመረው የስታር ትሬክ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ውስጥ ሰዎች የሚገቡበትና የሚዳሰስ ዓለም የሚፈጠርበት ክፍል አለ፤ ደራሲዎቹ ግን ጠጣርነቱን ለብርሃኑ አልሰጡትም፤ ብርሃኑ ምስሉን ይሠራል፤ እጅን የሚያቆመው ግን የኃይል መስክ ነው አሉ። ልብ ወለዱ ራሱ ብርሃን እጅን እንደማያቆም ያውቅ ነበር ማለት ነው። የቤልፋስት ተወላጅ የሆነው ቦብ ሾው በ1966 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ደግሞ ብርሃን ዓመታት የሚፈጅበት መስታወት አሰበ፤ ገጠር ውስጥ ተሰቅሎ የሰነበተ መስታወት ከተማ ሲመጣ ለዓመታት የገጠሩን ተራራ ያሳያል፤ የሞቱ ሰዎችም በመስታወቱ ውስጥ ሲመላለሱ ይታያሉ። እዚህ ውስጥ ብርሃን አልጠጠረም፤ ዘገየ እንጂ። ለሰው ልብ የሚቀርበውም፣ ከ33 ዓመት በኋላ ሌነ ሃው ለሠራችው የሚቀርበውም ይህ ነው። ጸሐፊው ስለ ቀዳሚነት መናገር ከፈለጉ ይህን ቢያነሡ እደግፋቸው ነበር።

ጠጣር የብርሃን ድልድይ በጨዋታና በፊልም ሲሣል ሁልጊዜ ሲያበራ መታየቱም ሊጤን ይገባል። ድልድዩን እንድናየው ከእርሱ የወጣ ብርሃን ወደ ዓይናችን መድረስ አለበት፤ ወደ ዓይናችን የደረሰው ብርሃን ደግሞ ድልድዩን ትቶ ሄዷል። ስለዚህ ከብርሃን ብቻ የተሠራ ድልድይ በታየ ቁጥር ይፈርሳል፤ የማይፈርስ ከሆነ ደግሞ አይታይም። አንድ ደራሲ ይህን ቅራኔ ይዞ ቢጽፍ እንዴት ያለ ታሪክ ይወጣው ነበር!

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ጣሪያውን ከሞሉት የመላእክት ፊቶች ቀጥሎ የማይረሳው ነገር ቢኖር በዕጣን ጊዜ በበርና በመስኮት የሚገባው የብርሃን ዘንግ ነው። በልጅነቴ ያን ዘንግ ለመጨበጥ እጄን ዘርግቼ እናቴ ቀስ ብላ መልሳኛለች። ጸሐፊው «አባቶቻችን ብርሃን እንደሚጠጥር ያውቁ ነበር» ሲሉ ያን የልጅነት ስሜት የጠሩብኝ መሰለኝና አልተቆጣሁም። ዘንጉን ከጎን የምናየው ግን የዕጣኑ ጢስ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን ስለሚበትነው ነው፤ ጢሱ ሲጠፋ ዘንጉም ይጠፋል፤ ወለሉ ላይ ያረፈው ብርሃን ብቻ ይቀራል። እንደ ምሰሶ ያስመሰለው ቁሱ ነው።

ስለ ስሙም ቢሆን አባቶች ያላሉትን እንዳሉ አድርጎ መጥቀስ እነርሱን ማክበር አይመስለኝም። በሸዋ ያለችው ደብረ ብርሃን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ከታየ ብርሃን ስሟን እንዳገኘች ይነገራል፤ ያ ብርሃን በ1456 የታየችው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳትሆን አትቀርም የሚሉም አሉ። በሥነ ፍጥረት ትምህርታችንም እሑድ ከተፈጠሩት ስምንት ፍጥረታት መካከል እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት አራቱ ባሕርያት ተብለው ሲቆጠሩ ብርሃን ከእነርሱ ተለይቶ ለብቻው ይቆጠራል፤ ሌሎቹ በአርምሞ ሲፈጠሩ እርሱ በነቢብ፣ «ብርሃን ይሁን» በሚል ቃል ተፈጠረ ይባላል። ይህ የሃይማኖት ትምህርት እንጂ የፊዚክስ አይደለምና ለክርክሬ ማስረጃ አላደርገውም። ጸሐፊው ግን ትውፊቱን ምስክር አድርገው ከጠሩት፣ ትውፊቱ ብርሃንን ከመሬት ጋር አልደባለቀውም።

የመጨረሻው የፋሲል ግቢ ጉዳይ ነው። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በአየር ድብደባ ተጎድቶ ዛሬ ጣሪያው ክፍት ነው። ያን ክፍት ቦታ እያየ አንድ ነገር እንዲሞላበት የማይመኝ የጎንደር ልጅ የለም፤ የጸሐፊው ምኞት የእኔም ነው። ግን ግንቡ የቆመው በድንጋይና በኖራ ነው፤ የሚጠገነውም በድንጋይና በኖራ ነው። ብርሃን እዚያ ሊሠራው የሚችለው እውነተኛ ሥራ ሌላ ነው፤ ወደ ግድግዳው የሌዘር ጨረር ልኮ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ቅጽበት በመቁጠር የእያንዳንዱን ድንጋይ ቦታ በሚሊሜትር ደረጃ መለካት ይቻላል፤ በዚህ ዘዴ በዓለም ብዙ ጥንታውያን ሕንፃዎች ተለክተዋል። ዘዴው የሚሠራውም የሌዘሩ ጨረር በመንገዱ ላይ በሚያገኘው የፀሐይ ብርሃን ሳይደናቀፍ ስለሚሄድና ስለሚመለስ ነው።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚያዘጋጁ ጠቁመዋልና «ከአልማዝ የጠነከረ» የሚለውን ሐረግ አውጥተው «ከፊሉ ብርሃን፣ ከፊሉ ቁስ የሆነ፣ አሰላለፉን ሳያፈርስ የሚፈስ» በሚለው እንዲተኩት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የስሌቱን ወረቀት ለሚፈልግ ሁሉ እሰጣለሁ። ለተማሪዬ ደግሞ መልሱን በቃል አልሰጠኋትም። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ጋርደን፣ ትንሽ ዕጣን አጭሰን፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ሌዘር ከሁለት ማዕዘን አብርተን በክፍሉ መካከል አስተላለፍናቸው። በግድግዳው ላይ ቀዩ ነጥብ የት እንዳረፈ በእርሳስ አመለከተች፤ አረንጓዴውን አጥፍታ አበራች፤ አሁንም አጥፍታ አበራች። ቀዩ ነጥብ ከእርሳሱ ምልክት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ጣቷን በመገናኛው ላይ አስገባች፤ ሁለቱም ነጥቦች ከግድግዳው ጠፉ።